የቦርድ ስብሰባን በፓርላማ ሥነ ሥርዓት ስለ መምራት

መግቢያ

ዕድርም ሆነ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርም ሆነ የአክሲዮን ኩባንያ፣ ሁሉም ጥቂት ሰዎችን መርጦ የብዙ ሰው ገንዘብና ጉዳይ ያስረክባቸዋል። እነዚህም የተመረጡ ሰዎች በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ይወስናሉ። እንግዲህ ይህ ንግግራቸው በምን ዓይነት ሥርዓት ይመራ? የውሳኔያቸውስ ትክክለኛነት በምን ይታወቅ? የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ቢታይም ብዙ ማኅበሮችን ያፈረሰና ብዙ ወዳጆችን ያለያየ ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በልዩ ልዩ አገሮች ምክር ቤቶች ሲሠራበት የቆየው የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ለትንሽ ቦርድ እንዴት እንደሚያገለግል መግለጽ ነው። ብዙ ሰዎች ይህ ሥርዓት የተፈጠረው ጩኸትን ለማብረድ ነው ብለው ያስባሉ፤ ስለዚህም ሰባት ወይም ዘጠኝ ሆነው በጸጥታ ለሚነጋገሩ ሰዎች አያስፈልግም ይላሉ። ይሁን እንጂ በትንሽ ቦርድ ውስጥ የሚያሠጋው ጩኸት ሳይሆን ዝምታ ነው። ሽማግሌውን ላለማሳዘን፣ ባለሥልጣኑን ላለመጋፋት፣ ወዳጅን ላለማስቀየም ሲባል ሰው ያላመነበትን ውሳኔ በዝምታ ያሳልፋል፤ ከስብሰባው ወጥቶ ግን ያማል። ሥነ ሥርዓት ለእንዲህ ያለው ሰው ማንንም ሳይሰድብ «አልስማማም» የሚልበትን በር ይከፍትለታል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ነጥቦች ሁሉ ወደዚሁ ሐሳብ የሚያመሩ ናቸው።

1. የሥርዓቱ አመጣጥ

ይህ ሥርዓት አንድ ሊቅ ተቀምጦ ያወጣው ሕግ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ውስጥ ከልማድ የተወለደ ነው። ምክር ቤቱ የሥራውን መዝገብ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1547 ሲሆን፣ በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት ውስጥ ጥቂት ልማዶች እየጠነከሩ ሄደው ደንብ ሆኑ። ከነዚህም ዋና ዋናዎቹ በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ መነጋገር፣ ንግግርን ሁሉ ለአፈ ጉባኤው ማቅረብ፣ ነገሩን እንጂ ሰውየውን አለመንቀፍ፣ የሚደግፉት ከተጠየቁ በኋላ የሚቃወሙትንም መጠየቅ ናቸው።

ልማዱ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ገባ። ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. ከ1797 እስከ 1801 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት ሲመራ የሥርዓት ጉድለት ስላሳሰበው፣ የእንግሊዝን ልማድ መሠረት አድርጎ አንድ መመሪያ አዘጋጅቶ በ1801 አሳተመ። ይህ ግን ለመንግሥት ምክር ቤት የተጻፈ ነበር። ለተራ ማኅበሮች የሚሆነውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ሔንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነው። ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1863 በማሳቹሴትስ ግዛት በኒው ቤድፎርድ ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ቢጠየቅ እንዴት እንደሚመራ አላወቀበትምና ስብሰባው ተበጠበጠበት። ኋላም ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛውሮ ሳለ፣ ከልዩ ልዩ ግዛት የመጡ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን ልማድ ትክክለኛ ሥርዓት ነው እያሉ ሲከራከሩ አየ። ከዚያ በኋላ ያዘጋጀው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1876 በ4,000 ቅጂ ታተመ። ሮበርት በ1923 ቢሞትም መጽሐፉ እየታረመ መታተሙ አልቆመም፤ 12ኛው እትም የወጣው በ2020 ነው። ዛሬ በብዙ አገር «የሮበርት ደንብ» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው።

በአገራችን ዘመናዊ ምክር ቤት የተቋቋመው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በተሰጠው ሕገ መንግሥት መሠረት ነው። የሥርዓቱ መንፈስ ግን ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በዛፍ ጥላ ሥር በሚደረግ ሙግት አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ቃሉም የሚቀርበው ለዳኛው ነው። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰውም የቱን ያህል ቢቆጣ መቆም እንዳለበት ያውቃል። በፓርላማ ሥነ ሥርዓት አንድ አባል እጁን አንሥቶ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ሲል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱም ጥሪዎች ከተናጋሪው በላይ ሕግ መኖሩን ያስታውሳሉ።

2. ትልቅ ጉባኤና ትንሽ ቦርድ

ሥርዓቱ የተወለደው በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ስለ ሆነ እንዳለ ወደ ትንሽ ቦርድ ቢዛወር አይስማማም። አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ ለመናገር ብድግ ቢል፣ ሌላው «ደግፌያለሁ» እስኪል ድረስ ቢጠበቅ፣ ነገሩ ጨዋታ ይመስላል። የሮበርት ደንብ ራሱ ይህን ተገንዝቦ በስብሰባው ላይ የሚገኙት አባላት ከአሥራ ሁለት ገደማ የማይበልጡ ከሆነ ሥርዓቱ እንዲላላ ይፈቅዳል። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ኩባንያ ዲሬክተሮች ከ3 እንዳያንሱና ከ12 እንዳይበልጡ ወስኖ ነበር። ስለ ኩባንያዎች የሚናገረው የዚህ ሕግ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ ቢተካም፣ ቁጥሩ ቦርድ ሲባል በተለምዶ ስንት ሰው እንደሚታሰብ ያስረዳል።

በእንዲህ ያለው ትንሽ ቦርድ አባላት ተቀምጠው መናገር ይችላሉ። ለቀረበ ሐሳብ ደጋፊ መፈለግ ግዴታ አይደለም። አንድ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚናገር ወሰን የለውም። ገና የውሳኔ ሐሳብ ሳይቀርብ ስለ ጉዳዩ እንዲሁ መወያየት ይፈቀዳል። ሊቀ መንበሩም እንደ ማንኛውም አባል ሐሳብ ማቅረብ፣ መከራከርና ድምፅ መስጠት ይችላል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ላላ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። ቦርዱ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን አምስት ነገሮች ሊጓደሉ አይገባም። እነዚህም፤ ለአባላት ሁሉ በጊዜው የሚደርስ ጥሪ፤ የተሟላ ምልዓተ ጉባኤ፤ በግልጽ ቃል የተነገረ አንድ የውሳኔ ሐሳብ፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም የተጠየቀበት ድምፅ፤ በመጨረሻም የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ናቸው። አምስቱን በየተራ እንመለከታለን፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ብዙ ስሕተት ከሚፈጸምበት ከውሳኔው ሐሳብ እንጀምር።

3. የውሳኔ ሐሳብ ከመቅረብ እስከ መወሰን

ለመነጋገርና ለመወሰን የሚያስፈልገው ቃል የተለያየ ነው። «ስለ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ነገር ቢደረግ መልካም ነው» ማለት ንግግር ነው። «ትምህርት ቤቱ ለመጻሕፍት መግዣ 60,000 ብር ወጪ ያድርግ» ማለት ግን የውሳኔ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ የመጀመሪያው አይችልም። ብዙ ቦርዶች ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተነጋገሩ በኋላ «እንግዲህ ተስማምተናል» ብለው ይነሣሉ፤ በማግሥቱ ግን በምን እንደ ተስማሙ ሦስቱ አባላት ሦስት ዓይነት ይናገራሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ሊቀ መንበሩ ድምፅ ከመጠየቁ በፊት ሐሳቡን ቃል በቃል እንዲያነብ ወይም ጸሐፊው እንዲያነብ ማድረግ ነው።

የአካሄዱ ተራ እንደሚከተለው ነው። አባሉ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ሊቀ መንበሩ ሐሳቡን ደግሞ ያሰማል፤ አባላት ይወያዩበታል፤ ሊቀ መንበሩ እንደ ገና ያነበዋል፤ የሚደግፉትን ይጠይቃል፤ የሚቃወሙትን ይጠይቃል፤ ውጤቱን ይናገራል። የሚቃወሙትን መጠየቅ ትርፍ መስሎ የሚታያቸው ሊቃነ መናብርት ጥቂቶች አይደሉም። ሁሉም እጁን ያነሣ ስለ መሰላቸው ያልፉታል። ነገር ግን «የሚቃወም አለ?» ተብሎ ያልተጠየቀ ሰው ተቃውሞውን የሚያሰማው ሰው አቋርጦ ነው፤ ማቋረጥ ደግሞ በባህላችን ነውር ነው። የተጠየቀ ሰው ግን መልስ መስጠቱ ጨዋነት ነው።

ለዕለት ተዕለት ጥቃቅን ጉዳይ ድምፅ መቁጠር አያስፈልግም። ሊቀ መንበሩ «ተቃውሞ ከሌለ ስብሰባውን በ10 ሰዓት እንዘጋለን፤ ተቃውሞ አለ?» ብሎ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ማለፍ ይችላል። ይህም የሁሉ ስምምነት ይባላል። «ሁላችንም ተስማምተናል» ከማለት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸኛው ይጠይቃል፤ ያኛው ግን በሌላው ሰው አፍ ይናገራል።

4. ስለ ማሻሻያ

ማሻሻያ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚደናገሩበት ክፍል ስለ ሆነ በምሳሌ ማስረዳቱ ይሻላል። ዘጠኝ አባላት ያሉት የአንድ ትምህርት ቤት ቦርድ አለ እንበል። ከላይ የተጠቀሰው የ60,000 ብር ሐሳብ ቀረበ። ሦስቱ አባላት 60,000 ብሩ በሙሉ ለመጻሕፍት ይሁን ይላሉ። ሦስቱ መጻሕፍት ይገዙ፣ ነገር ግን ለጣሪያ ማደሻ ገንዘብ መቅረት ስላለበት ከ40,000 ብር አይበልጥ ይላሉ። የቀሩት ሦስቱ ዘንድሮ ምንም መጽሐፍ አይገዛ ባዮች ናቸው።

ሊቀ መንበሩ ማሻሻያ ሳይቀበል «60,000 ብር ይውጣ የምትሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ሦስት ይደግፋሉ፤ ስድስት ይቃወማሉ፤ ሐሳቡ ይወድቃል። ከዘጠኙ ስድስቱ መጽሐፍ እንዲገዛ እየፈለጉ አንድም መጽሐፍ ሳይገዛ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን በሥርዓቱ እንሂድ። አንድ አባል «60,000 የሚለው ተሰርዞ 40,000 ይባል» ብሎ ማሻሻያ ያቀርባል። መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጠው በማሻሻያው ላይ ብቻ ነው። 40,000 የሚፈልጉት ሦስቱ ይደግፋሉ፤ ምንም አይገዛ የሚሉት ሦስቱም ከተገዛ አይቀር ወጪው ይነስ ብለው ይደግፋሉ። ማሻሻያው በ6 ለ3 አለፈ። ይህ ማለት ግን መጻሕፍቱ እንዲገዙ ተወሰነ ማለት አይደለም፤ የሐሳቡ ቃል ተለወጠ ማለት ብቻ ነው። ቀጥሎ «ለመጻሕፍት መግዣ 40,000 ብር ወጪ ይሁን» የሚለው የተሻሻለው ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። አሁን 40,000 ባዮቹ ሦስቱ ይደግፋሉ፤ 60,000 ባዮቹም ከምንም ይሻላል ብለው ይጨመራሉ፤ አይገዛ ባዮቹ ይቃወማሉ። ውጤቱ አሁንም 6 ለ3 ነው፤ ስድስቱ ሰዎች ግን በመጀመሪያው ድምፅ የነበሩት ስድስቱ አይደሉም።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፤ ማሻሻያ ካለፈ በኋላ ሊቀ መንበሩ «ጸድቋል» ብሎ ወደ ሌላ ጉዳይ ቢሄድ ዋናው ሐሳብ ጨርሶ ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ውሳኔ የተባለውም ውሳኔ አይደለም። ሁለተኛ፤ ዋናውን ሐሳብ የሚጠላ ሰው ማሻሻያውን ቢደግፍ ሐሳቡን ለወጠ አይባልም፤ በመጨረሻው ድምፅ የመቃወም መብቱ እንደ ተጠበቀ ነው። በማሻሻያ ላይ ማሻሻያ ማቅረብም ይፈቀዳል። ለምሳሌ 40,000 የሚለው 45,000 ይባል የሚል ቢነሣ፣ መጀመሪያ በእርሱ፣ ቀጥሎ በመጀመሪያው ማሻሻያ፣ በመጨረሻ በዋናው ሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ከዚህ በላይ ሦስተኛ ደረጃ ማሻሻያ ግን አይፈቀድም፤ ሰው መከተል አይችልምና።

5. ስለ ምልዓተ ጉባኤና ስለ ድምፅ ቁጥር

ምልዓተ ጉባኤ ማለት ስብሰባው ሥራ ለመሥራት እንዲችል መገኘት ያለባቸው አባላት ቁጥር ነው። ጥቂት ሰዎች በሁሉ ስም እንዳይወስኑ የሚከለክል አጥር ነው። የማኅበሩ ደንብ ሌላ ቁጥር ካልወሰነ ለቦርድ የሚፈለገው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ነው። በብዙ መተዳደሪያ ደንቦች ውስጥ «ግማሽ ሲደመር አንድ» የሚል አነጋገር ይገኛል። ይህ አነጋገር አባላቱ ጐደሎ ቁጥር ሲሆኑ ያጣላል። የዘጠኝ ግማሽ አራት ተኩል ነው፤ አንድ ሲደመርበት አምስት ተኩል ይሆናል። ታዲያ አምስት ሰው ይበቃል ወይስ ስድስት ያስፈልጋል? «ከግማሽ በላይ» ቢባል ግን ጥርጥር የለም፤ ከዘጠኝ አምስት፣ ከስምንት አምስት፣ ከአሥር ስድስት ነው።

በምልዓተ ጉባኤ መጫወት አሮጌ ብልሃት ነው። በአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ውስጥ አናሳው ወገን በመቀመጫው ተቀምጦ ሳለ ስሙ ሲጠራ ዝም በማለት ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ያሰኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1890 አፈ ጉባኤው ቶማስ ሪድ በዓይኑ የሚያያቸውን ሰዎች ስም እየጠራ ተገኝተዋል ብሎ እንዲመዘገቡ አዘዘ። ታላቅ ሁከት ተነሣ፤ ሪድ ግን አልተበገረም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1892 አሠራሩን ትክክል ነው አለ። የምልዓተ ጉባኤ ዓላማ የሰው መገኘት እንጂ የሰው መናገር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ቁጥሩ ከተሟላ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ «የድምፅ ብልጫ የሚባለው የማን ብልጫ ነው?» የሚል ነው። ዘጠኝ አባላት ካሉት ቦርድ ሰባቱ ተገኙ እንበል። ሦስቱ ደገፉ፤ ሁለቱ ተቃወሙ፤ ሁለቱ ድምፅ ከመስጠት ታቀቡ። ሐሳቡ አልፏል ወይስ ወድቋል? መልሱ በመተዳደሪያ ደንቡ ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ደንቡ «ከተሰጠው ድምፅ ብልጫ» የሚል ከሆነ ከአምስት ሦስት ስለ ተገኘ ሐሳቡ አልፏል፤ የሮበርት ደንብም መሠረታዊ አቋም ይኸው ነው። «ከተገኙት አባላት ብልጫ» የሚል ከሆነ አራት ድምፅ ስለሚያስፈልግ ወድቋል። «ከጠቅላላው አባላት ብልጫ» የሚል ከሆነ አምስት ስለሚፈለግ አሁንም ወድቋል። በነዚህ በሁለቱ አነጋገሮች መሠረት የታቀበ ሰው እንደ ተቃወመ ይቆጠራል ማለት ነው፤ ራሱ ግን መካከለኛ የሆነ ይመስለዋል። መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅ ሰው ይህን አንድ ሐረግ ካላስተዋለ ጠቡን ለልጅ ልጁ ያወርሳል።

ለአንዳንድ ነገሮች ተራ ብልጫ አይበቃም። ክርክሩ ይቁም የሚል ሐሳብ ከተሰጠው ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ይፈልጋል፤ ከዘጠኝ ድምፅ ስድስት፣ ከስምንትም ስድስት፣ ከሰባት አምስት ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብልጫ ያለው ወገን የመወሰን መብት አለው፤ የአናሳውን አፍ የመዝጋት መብት ግን በተራ ብልጫ ሊያገኝ አይገባውም። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲሆን ደግሞ ብልጫ የለምና ሐሳቡ ይወድቃል። አንዳንድ ደንቦች ለሊቀ መንበሩ ተጨማሪ ወሳኝ ድምፅ ይሰጡታል፤ ደንቡ በግልጽ ካልሰጠው ግን በሮበርት ሥርዓት ሁለት ጊዜ ድምፅ መስጠት አይችልም።

6. ስለ ሊቀ መንበሩ

ሊቀ መንበር የስብሰባው ጌታ ሳይሆን አገልጋዩ ነው። ሥራው ማን ይናገር የሚለውን መወሰን፣ ንግግር ከጉዳዩ ሲወጣ መመለስ፣ ሐሳቡን በግልጽ ማሰማትና ውጤቱን መናገር ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቃል ቢጠይቁ ገና ያልተናገረው ይቀድማል፤ ደጋፊና ተቃዋሚም ቢቻል እየተፈራረቁ ይናገራሉ።

አባላት ንግግራቸውን ሁሉ ለሊቀ መንበሩ እንዲያቀርቡ የሚያዘው ደንብ በኛ ቋንቋ ልዩ ጥቅም አለው። አማርኛ ሰውን «አንተ» ወይም «እርስዎ» ሳይሉ በቀጥታ የማይናገሩበት ቋንቋ ነው። በአንድ ቦርድ ውስጥ ወጣቱ መምህር ነጋዴውን ሽማግሌ «እርስዎ» ሲል፣ ሽማግሌው ደግሞ «ልጄ፣ አንተ» ብሎ ሲመልስለት ክርክሩ ሳይጀመር ሚዛኑ አጋደለ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሊቀ መንበሩ አዙረው «ክቡር ሊቀ መንበር፣ አሁን በቀረበው ሐሳብ አልስማማም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ካሉ ግን ዕድሜና ማዕረግ በር ላይ ይቀራሉ። የተነቀፈው ሐሳቡ እንጂ ሽማግሌው አይደለም። ወጣቱም ባለጌ አልሆነም፤ ሽማግሌውም አልተዋረደም።

ሊቀ መንበሩ ራሱ ቢሳሳትስ? ማንኛውም አባል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ማንሣት ይችላል፤ ሊቀ መንበሩም ወዲያው ብያኔ ይሰጣል። ብያኔው ያላረካው አባል ይግባኙን ለቦርዱ ያቀርባል፤ ቦርዱም በድምፅ ይወስናል፤ ድምፁ እኩል ከሆነ የሊቀ መንበሩ ብያኔ ይጸናል። ይግባኝ የተባለበት ሊቀ መንበር እንደ ተደፈረ ሊቈጥረው አይገባም፤ እንዲያውም የብያኔውን ሸክም ሁሉም ተካፈሉለት ማለት ነው።

በትንሽ ቦርድ ሊቀ መንበሩ መከራከር ቢፈቀድለትም አስቀድሞ ሐሳቡን መናገሩ አይመከርም። እርሱ «እኔ ይህ ይሻላል እላለሁ» ብሎ ከጀመረ በኋላ የሚናገረው ሁሉ ለእርሱ የሚመልስ ይሆናል። በመጨረሻ ቢናገር ግን የሌሎቹን ሐሳብ ሰምቶ ይናገራል፤ ሌሎቹም የእርሱን ፊት ሳያዩ ተናግረዋል። እንዲሁም ማንኛውም አባል ከሌሎቹ ተለይቶ በግሉ የገንዘብ ጥቅም በሚያገኝበት ጉዳይ ድምፅ ከመስጠት መታቀብ ይገባዋል። መጽሐፍ ሻጩ የቦርድ አባል መጽሐፍ ይገዛ ብሎ እጁን ቢያነሣ፣ ውሳኔው መልካም እንኳ ቢሆን አይታመንም።

7. ስለ ቀሩት ሰዎች መብትና ስለ ቃለ ጉባኤ

በስብሰባ ላይ ያልተገኘም አባል መብት አለው። የመጀመሪያው መብቱ መጠራት ነው። ለስድስቱ ተነግሮ ለሦስቱ ሳይነገር የተደረገ ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤው ቢሞላም ጉድለት አለበት። ለአስቸኳይ ስብሰባ ሲሆን ደግሞ ጥሪው ጉዳዩን ለይቶ መናገር አለበት፤ በጥሪው ላይ ባልተነገረ ጉዳይ መወሰን አይቻልም።

ሁለተኛው መብቱ አንድ ጊዜ የተወሰነ ነገር እርሱ በሌለበት በቀላሉ እንዳይገለበጥ ነው። በሮበርት ደንብ መሠረት ቀደም ሲል የተወሰነውን ለመሻር ከሦስቱ አንዱ ያስፈልጋል፤ ወይ አስቀድሞ ማስታወቂያ ተሰጥቶ ተራ ብልጫ፤ ወይ ማስታወቂያ ሳይኖር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፤ ወይም የጠቅላላው አባላት ብልጫ። በዚያው ስብሰባ ላይ የተሰጠን ድምፅ እንደ ገና ይታይ ብሎ መጠየቅ የሚችለውም አሸናፊ በሆነው ወገን ድምፅ የሰጠ አባል ብቻ ነው። ይህ ባይሆን ተሸናፊው ወገን ሰው እስኪወጣለት ጠብቆ ያንኑ ጉዳይ አሥር ጊዜ ባነሣ ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ ያለ ቃለ ጉባኤ ዋጋ የለውም። ቃለ ጉባኤ የሚመዘግበው የተደረገውን እንጂ የተነገረውን አይደለም። የስብሰባውን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው መገኘታቸውን፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ መጽደቁን፣ እያንዳንዱ የውሳኔ ሐሳብ ለድምፅ ሲቀርብ የነበረውን ትክክለኛ ቃልና ውጤቱን ይይዛል። ብዙ ጸሐፊዎች ግን «አቶ እገሌ እንዲህ አሉ፤ ወይዘሮ እገሊት እንዲህ መለሱ» እያሉ አሥር ገጽ ይሞሉና ውሳኔውን ራሱን ሳይጽፉ ይቀራሉ። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ከጊዜ በኋላ ውሳኔውን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ አባላትም የተናገሩት ቃል ሁሉ ተጽፎ እንደሚቀመጥ ሲያውቁ በነጻነት መናገር ይፈራሉ። የተቃወመ አባል ተቃውሞው እንዲመዘገብለት ቢፈልግና ቦርዱ ቢፈቅድለት ግን ስሙ መጻፉ ተገቢ ነው።

8. ስለ ሥርዓቱ ወሰን

ከሁሉ በላይ የአገር ሕግ አለ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይመጣል፤ የሮበርት ደንብም ሆነ ሌላ መጽሐፍ የሚሠራው እነዚህ ዝም ባሉበት ቦታና ማኅበሩ ልከተለው ብሎ በወሰነ ጊዜ ነው። ከዚህም ሌላ ሥርዓቱ በተንኮለኛ እጅ ሲገባ መሰናክል እንደሚሆን መካድ አይቻልም። ሥነ ሥርዓትን አጥንቶ ሌሎች ባያውቁት የሚደሰት ሰው፣ ሥራ እንዳይሠራ በየደቂቃው የሥርዓት ጥያቄ ያነሣል። ለዚህ መድኃኒቱ ሥርዓቱን መተው ሳይሆን ሁሉም እንዲያውቀው ማድረግ ነው።

«እኛ በሽምግልና ተነጋግረን በስምምነት የምንጨርስ ሕዝብ ነን፤ ድምፅ መቁጠር ወንድማማችን ይከፋፍላል» የሚል ተቃውሞም ይሰማል። ተቃውሞው ቁም ነገር አለው። ሽምግልና ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ የሚወዳደረው የለም፤ የሚፈልገውም የሁለቱን ልብ ነው። የቦርድ ሥራ ግን ዕርቅ ብቻ አይደለም። የሌላ ሰው ገንዘብ በአደራ ይዞ በተወሰነ ቀን መወሰን አለበት። ስምምነት እስኪገኝ ቢጠብቅ አንድ እምቢተኛ ሰው ስምንቱን ሊያስር ይችላል፤ ስምምነት ሳይኖር አለ ቢባል ደግሞ ስምንቱ አንዱን ያለ ፈቃዱ ምስክር ያደርጉታል። በምሳሌአችን የታየው 6 ለ3 ከሁለቱም ይሻላል። ሦስቱ ተሸንፈዋል፤ ግን ተሰምተዋል፤ ምን እንደ ተወሰነም ያውቃሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሐሳባቸውን ይዘው መምጣት ይችላሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው፣ ትንሽ ቦርድ ከትልቅ ጉባኤ ሥርዓት መቀበል ያለበት ልብሱን ሳይሆን አጥንቱን ነው። መቆምና መቀመጥ፣ ደጋፊ መፈለግ፣ የንግግር ቁጥር መወሰን፣ እነዚህ ሁሉ ሊቀሩ ይችላሉ። ጥሪው፣ ምልዓተ ጉባኤው፣ ግልጹ ሐሳብ፣ ሁለቱንም ወገን የሚጠይቀው ድምፅና ቃለ ጉባኤው ግን ሊቀሩ አይችሉም።

ዛሬ በትምህርት ላይ ያለን ተማሪዎች ነገ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማኅበሩና በየዕድሩ ጸሐፊና ሊቀ መንበር ሆነን መመረጣችን አይቀርም። ስለዚህ ትምህርቱን በገዛ ማኅበሮቻችን ብንለማመደው ጥቅሙ ብዙ ነው። መጀመሪያ ልንለማመደው የሚገባውም ከሁሉ ቀላል የሆነውና ከሁሉ የሚረሳው ነው፤ የሚደግፉት እጃቸውን ካነሡ በኋላ፣ ውጤቱ የታወቀ እንኳ ቢመስል፣ ቆም ብሎ «የሚቃወም አለ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በእውነት መጠበቅ።